ደብረ ብርሃን ላይ ሰገነቱን በአበባ ማስዋብ የሚፈልግ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ «ሰገነታችንን አሳምርልን» ብሎ የሚደውል ሰው ኅዳር ላይ መልሶ ይደውላል፤ «አበባው ጠቆረብኝ፣ ውኃ እኮ አላጓደልኩበትም»። የውኃ ጉዳይ አይደለም እናቴ፣ ውርጭ ነው።

ትልቁ ስህተት ቆላ ያዩትን ደጋ ላይ መትከል ነው። ሰው ለጉዳይ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፣ አጥር ሙሉ ያበበ ቡገንቪሊያ ያያል፣ ችግኙን ጭኖ ጣርማ በርን ይወጣል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ያ ችግኝ 9 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አገር ገባ ማለት ነው። ሰገነት ላይ ይብሳል። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቅጠሉ ቀን የያዘውን ሙቀት ሽቅብ ይለቀዋል፣ የሚጋርደው ነገር የለም። የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው ሥርም ዙሪያውን ይቀዘቅዛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ነው፤ ተክል የሚፈልገው ጆንያ ነው። ማታ አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። ላስቲክ አይሁን፤ ቅጠሉን ከነካው ብርዱን ያስተላልፍበታል። የጠቆረውን ደግሞ ቶሎ አትቁረጡ። የደረቀው ቅጠል ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ስለሚከልል መቀሱን እስከ የካቲት አቆዩት።

ደግሞ ምን ቸገራችሁ? ጦስኝ በመንዝና በጣርማ በር ደጋ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጽጌረዳ ሞልቷል። ያለ ቡገንቪሊያ አልሆንም ያለ ሰው ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አስጠግቶ፣ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይትከለው።

ክብደት። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ወደ 1,800 ኪሎ ይመዝናል። 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአፈር መደብ ሠራችሁ ማለት በካሬ ሜትር ከ500 ኪሎ በላይ ጫናችሁ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲሰላ ግን ለሰውና ለዕቃ የሚያዘው በአብዛኛው በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ነው። ሶሌታውን፣ ማለትም የኮንክሪቱን ወለል፣ ያሰላውን መሐንዲስ ሳትጠይቁ መደብ አትገንቡ። ከባድ ማስቀመጫ ከሶሌታው መሐል ይልቅ ቢም (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ) ያለበት ጠርዝ ላይ ይሁን።

ጥቁሩ ዋልካ አፈር ለጅሩ ስንዴ እንጂ ለሰገነት አይሆንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃም አያሳልፍም። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር ቀላልም ነው፣ ውኃም ያሳልፋል፤ ከብስባሽና ከጥቂት ቀይ አፈር ጋር ቀላቅሉት።

ትኩስ የበግ በጠጥ ሥር ያቃጥላል። ይብላላ።

የሶሌታውን ውኃ መከላከያ ንጣፍ በሚስማር የሚበሳውን ሰው ግን ምን ልበለው? አንድ ባለቤት ለወይን መደገፊያ ብሎ አራት የብረት እግር በቡሎን አሰረበት። ሐምሌ ላይ ሳሎኑ ውስጥ ባልዲ ተደርድሮ ነው የጠበቀኝ። እግሩን በከባድ ኮንክሪት መሠረት ላይ አቁሞ ከላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ የክብደቱ ሒሳብ ከተሠራ በኋላ ማለቴ ነው።

ታች ግቢ ውስጥ ደግሞ ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ ማፍሰስ ፋሽን ሆኗል። የክረምቱ ውኃ የት ይግባ? ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ከዚያ ቀበሌ ትካሰሳላችሁ። ወለሉ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ፣ በአጥሩ ሥርም አፈር ተዉለት። ሰገነት ላይ ያሉትን ማስቀመጫዎች በጡብ ከፍ አድርጓቸው፣ የመውረጃውንም አፍ ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ ከቅጠል አጽዱት።