በቀጥታ ወደ ላይ የተወረወረ አካል ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ

አራት ኪሎ ካለ አንድ ሕንፃ፣ ከመሬት 15 ሜትር ከፍ ካለ በረንዳ ጠርዝ፣ ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ተወረወረ እንበል። የሚፈለገው ኳሱ የሚደርስበት ከፍታና አስፋልቱ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ስሌቱ እንዲቀል የስበት አክስለሬሽንን፣ ማለትም ስበት ፍጥነትን በየሰከንዱ የሚለውጥበትን መጠን፣ 10 እንውሰድ፤ የአየር ግጭትንም እንተወው።

በመጀመሪያ ንድፍ ይሣሉ፤ በረንዳውን ዜሮ ብለው ወደ ላይ ያለውን አቅጣጫ አዎንታዊ ያድርጉ። በዚህ መሠረት መነሻ ፍጥነቱ +10፣ አክስለሬሽኑ −10፣ የመሬቱ ቦታ ደግሞ −15 ይሆናል። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ነጥብ የሚጥሉት በቀመሩ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ ኳሱ ሲወጣም፣ ጫፍ ሲደርስም፣ ሲወርድም አክስለሬሽኑ ያው −10 ስለሆነ፣ ኳሱ አቅጣጫ ቀየረ ተብሎ ምልክቱን መሀል ላይ መገልበጥ ሥራውን በሙሉ ያበላሻል። ጫፍ ላይ ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቱ ብቻ ነው፤ አክስለሬሽኑም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሱ እዚያው አየር ላይ በቀረ ነበር።

ከፍታው ቀላል ነው። ፍጥነቱ ከ10 ወደ ዜሮ ለመውረድ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ አማካዩ 5 ስለሆነ ኳሱ ከበረንዳው 5 ሜትር፣ ከመሬት 20 ሜትር ከፍ ይላል።

ለማረፊያው ጊዜ ጉዞውን መውጣትና መውረድ ብሎ መክፈል ቢቻልም፣ አንድ እኩልታ ይበቃል፤

ቦታ = መነሻ ፍጥነት × ጊዜ + ½ × አክስለሬሽን × ጊዜ²

−15 = 10 × ጊዜ − 5 × ጊዜ²

ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥተን ለ5 ስናካፍል፣ ጊዜ² − 2 × ጊዜ − 3 = 0 እናገኛለን፤ ጊዜም 3 ወይም −1 ይሆናል። መልሱ 3 ሰከንድ ነው። ሲያርፍ ፍጥነቱ 10 − 30 = −20 ሲሆን፣ የመቀነስ ምልክቱ ወደ ታች መሆኑን ይነግረናል።

ሆኖም −1ን ከመሰረዝዎ በፊት ትርጉሙን ይመልከቱ። እኩልታው ኳሱ በእጅ መወርወሩን አያውቅም፤ ኳሱ 1 ሰከንድ ቀደም ብሎ ከመሬት በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ተነሥቶ ቢሆን፣ በረንዳው ጋ ሲደርስ በትክክል 10 ይቀረውና ቀሪ ጉዞው ምንም ልዩነት አይኖረውም ነበር።

በ10 ፋንታ 9.8 ከተጠቀሙ ጊዜው 3.05 ሰከንድ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ ስበቱ ከ9.8 በጥቂቱ ያንሳል፤ 9.78 ብለው ቢያሰሉትም ግን መልሱ ያው 3.05 ነው።