ከሁድ ተራራ እስከ ባሕሩ፦ የመጀመሪያ የቡድን ዱላ ቅብብል ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ፣ ኦሪገን ግዛት የምትኖሩ ሁድ ቱ ኮስትን ሳትሰሙ አትቀሩም። በፈረንጆቹ ኦገስት መጨረሻ፣ ዓርብ ተጀምሮ ቅዳሜ የሚያልቅ የዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። ከሁድ ተራራ፣ ቲምበርላይን ሎጅ ከሚባለው ቦታ ይነሳል። ፖርትላንድን አቋርጦ ሲሳይድ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ ያበቃል። ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 1982 ሲጀመር 8 ቡድኖች ብቻ ነበሩ የሮጡት። ዛሬ ከ1,000 በላይ ቡድን ይሳተፋል። አንድ ቡድን 12 ሰው ይይዛል፣ መንገዱ በ36 ክፍል ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ዙር ይሮጣል። ስድስቱ በአንድ ቫን፣ ስድስቱ በሌላ ቫን ይሄዳሉ። የሚቀባበሉት ዱላ ሳይሆን እጅ ላይ የሚጠቀለል አምባር ነው።

እኛም ከወንድሞች፣ ከአክስት ልጆች፣ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞችና ከአንድ አጎታችን ጋር ሆነን ሮጥነው። ጨርሰናል፣ ደስ ብሎናልም። ግን ብዙ ነገር አበላሽተን ነው የጨረስነው። ዘንድሮ ወይ በሚቀጥለው ዓመት ከቤተሰባችሁ ጋር እንደዚህ ያለ ሩጫ ለመግባት ካሰባችሁ፣ የኛን ስህተት አትድገሙት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ቡድናችሁ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከሮጠ ሩጫው በድምሩ 32 ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰው የሚሮጠው ሦስት ሰዓት አይሞላም። የቀረው ሁሉ ቫን ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ መንገድ ዳር የሚያልፍ ጊዜ ነው። እኛ ለሦስቱ ሰዓት ስድስት ወር ተዘጋጀን። ለ29ኙ ምንም አልተዘጋጀንም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የመጡ ናቸው።

በይሉኝታ ቡድን መሙላት

12 ሰው ማግኘት ቀላል ይመስላል። ሰርግ ላይ፣ ልደት ላይ ወሬው ሲነሳ ሁሉም «አለሁበት!» ይላል። እምቢ ማለት ይከብደዋላ። እናንተም «አንተ እንኳን ብትቀር ይሻላል» ማለት ይከብዳችኋል። ከዚያ ሩጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ መደወል ይጀምራል። አንዱ ፈረቃ አላስለቀቁኝም ይላል፣ አንዷ ጉልበቴን አሞኛል ትላለች። ሰው ከጎደለ ደግሞ የሱን ሦስት ዙር የቀሩት ናቸው የሚከፋፈሉት። ከእኛ ሁለት ሰው ቀረብን። አንዱን ተካን፣ የሌላውን ተሸከምነው።

መፍትሔው ገንዘብ ነው። መመዝገቢያ አለ፣ ሁለት የቫን ኪራይ አለ፣ ነዳጅ፣ ምግብ፣ ባትሪ አለ። ሁሉንም ደምሩና ለ12 አካፍሉት። የሚከፈልበትን ቀን ቁረጡ። እቁብ ላይ ያልከፈለ ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። በተባለው ቀን የከፈለ ሰው ይመጣል። ያልከፈለውን ሳትቀየሙት በጊዜ ተኩት። ከዚያ ውጪ ሁለት ተጠባባቂ ያዙ፤ ለእነሱም ልምምዳቸውን እንዳያቆሙ ንገሯቸው።

ፍጥነትን በግምት መናገር

ስትመዘገቡ የእያንዳንዱን ሯጭ ፍጥነት ትጠየቃላችሁ። ይህ ለይስሙላ የሚሞላ ቅጽ አይደለም። የመነሻ ሰዓታችሁ የሚወሰነው በሱ ነው። ቀርፋፋ ቡድኖች ዓርብ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ፣ ፈጣኖቹ ከሰዓት በኋላ ነው የሚለቀቁት። ሁሉም ተቀራርቦ ባሕሩ ጋ እንዲደርስ ነው። እና ፍጥነታችሁን ካጋነናችሁ ዘግይታችሁ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ በየመቀባበያው ሰዉ እየተነሳ፣ ድንኳኑ እየታጠፈ ይጠብቃችኋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ ልዩ ፈተና አለብን። አሜሪካኖቹ ስማችንን ሲሰሙ «ኦ፣ ሯጮች!» ይላሉ። ደስ ይላል። ግን የኃይሌና የደራርቱ አገር ልጅ መሆን የአንድን ሰው ኪሎ ሜትር አያሳጥርም። ከኛ አንዱ ፍጥነቱን የሞላው አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ላይ ከዓመታት በፊት በሮጠው 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም በትዝታ። ሂሳቡን እዩት። እያንዳንዱ ሰው በኪሎ ሜትር 30 ሰከንድ ብቻ ቢያጋንን፣ በ320 ኪሎ ሜትር ላይ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሩጫው ሁለት ወር ሲቀረው ሁላችሁም አንድ ቅዳሜ ተገናኙ። 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለኩ። የወጣውን ቁጥር ጻፉ።

የመጀመሪያውን ክፍል ለታላቅ ሰው መስጠት

ይሄኛው ዛሬም ይከነክነኛል።

አጎታችን ከሁላችንም ታላቅ ናቸው። ስልሳን ሊደፍኑ ጥቂት ነው የቀራቸው፣ ጠዋት ጠዋት ይሮጣሉ፣ ጠንካራ ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩልን» አልናቸው። ክብር መስጠታችን ነበር። እሳቸውም መርቀውን ጀመሩ።

የመጀመሪያው ክፍል ግን ከቲምበርላይን ቁልቁል ነው። 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ቁልቁለት ሲያዩት ቀላል ነው፤ ትንፋሽ አይቆርጥም፣ ሰውነት ዝም ብሎ ይሄዳል። ግን እያንዳንዱ እርምጃ ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደቱን የሚይዘው። ጡንቻን የሚጎዳው ደግሞ ይህ ነው። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። ከሰዓታት በኋላ፣ በማግስቱ ነው የሚብሰው። ማለትም ልክ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ሲደርስ።

ጋሼ ማታ ሁለተኛ ዙራቸው ሲደርስ ከቫኑ ለመውረድ የበሩን እጀታ አጥብቀው ያዙ። አየኋቸው። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ተኮማትሬ ነው» አሉ። እኛም ታላቅ ሰው «ደህና ነኝ» ካለ አይጠየቅም ብለን ዝም አልን። ሮጡ። ሦስተኛውን በእርምጃ ነው የጨረሱት፣ ከንፈራቸውን ነክሰው።

የክፍሎቹ ርዝመትና ዳገት ቁልቁለት በሩጫው መመሪያ ላይ አንድ በአንድ ተጽፏል። አንዱ 6 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሌላው 12 ገደማ ይደርሳል። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ማን የትኛውን ይችላል በሉ። ቁልቁለቱን ቁልቁለት ለተለማመደ ስጡ፣ አጭሩንና ሜዳውን ገና ለጀመረ። ታላቅን ማክበር ከፈለጋችሁ ፊት ለፊት ጠይቋቸው፦ «ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩን።» እኛ ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ ይነግሩን ነበር ብዬ አምናለሁ።

በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መለማመድ

ብዙ ሰው በሳምንት መጨረሻ አንድ ረጅም ሩጫ እየሮጠ ይዘጋጃል። ለማራቶን ጥሩ ነው። ዱላ ቅብብል ግን ሌላ ነገር ነው። ትሮጣላችሁ፣ ላባችሁ ይደርቃል፣ ስድስት ሰባት ሰዓት ጠባብ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ከዚያ በእንቅልፍ ዓይን ደግማችሁ ትሮጣላችሁ። ሰውነት ይህን አያውቀውም። ከሩጫው በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ዓርብ ማታ ሮጡ፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ ሮጡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሦስተኛውን። አጭር ይሁን። የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ ኃይላችሁን ጨርሳችሁ እንዳትሮጡም የሚያስተምራችሁ ይህ ልምምድ ነው።

ሯጩን ሹፌር ማድረግ

ከሁሉም በላይ ይህን አንብቡት። ሌላው ስህተት ሰዓት ያባክናል፤ ይሄኛው ሰው ይገድላል።

እኛ «በተራ እንነዳለን» አልን። በቃ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ጫካ መካከል ባለ ጠመዝማዛ መንገድ፣ መሪውን የያዘው ከሦስት ሰዓት በፊት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ የጨረሰ ልጅ ነበር። ሌሎቻችን ተኝተናል። ቫኑ የመንገዱን ጠርዝ ነክቶ ጎርበጥ ሲል ነው ሁላችንም የነቃነው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር ራሱ አላወቀም። ምንም አልሆንንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከዚያ በኋላ ቫኑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማንም አላወራም።

24 ሰዓት ሙሉ ያልተኛ ሰው መሪ ሲይዝ ጠጥቶ ከሚነዳ ሰው አይሻልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቫን የማይሮጥ ሹፌር ያዙ፣ ቢቻል ሁለት። መሮጥ የማይችል ግን አብሮ መሆን የሚፈልግ ዘመድ የማንም ቤተሰብ አያጣም። እሱን ጋብዙት፣ ድርሻ አታስከፍሉት፣ ጥሩ መኝታ ስጡት። አጠገቡ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነቅቶ ያውራው። ደክሞኛል ካለ ቫኑ ይቁም። ሯጩ መቀባበያው ላይ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቅ ምንም አይሆንም።

ስለ እንቅልፍም ሂሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። አንዱ ቫን ስድስት ሰው ሲያሮጥ፣ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሌላው ቫን አምስት ሰዓት ያህል ያገኛል። ከዚያ ላይ ወደ ቀጣዩ ቦታ መንዳት፣ መብላት፣ የመኪና ወረፋ ይቀነሳል። የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ያንን ሁለት ሰዓት ለወሬ አታውሉት። ምንጣፍና የመኝታ ከረጢት አውጡ፣ ሜዳው ላይ ተኙ።

እንደ ቤት መብላት

አክስታችን በፍቅር ትልቅ ድስት ሽሮና እንጀራ ጭና መጣች። ሽታው ቫኑን ሞላው። ማን እምቢ ይላል? ከሰዓታት በኋላ ያ ሁሉ እንጀራና በርበሬ ሆድ ውስጥ እንዳለ ሮጥን። ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤቶቹ ጋ ያለውን ወረፋ አስቡት።

ለኛ ሰው ሌላም ነገር አለ። ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው፣ ሩጫው የሚመጣው በጾሙ ፍቺ ሰሞን ነው። የጾመ ሰው በፍቺው ሳምንት ሥጋና ቅቤ ካበዛ ሆዱ ገና ሳይረጋጋ ይነሳል። ቀስ ብላችሁ ግቡበት። ሩጫው የሚጀመረውም ዓርብ ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው ካላችሁ የቫኑን ስንቅ የጾም አድርጉት። አንዱ ከሌላው እየተደበቀ እንዳይበላ።

ደግነቱ የኛ አገር ስንቅ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በሶ ጭብጦ አድርጋችሁ ያዙ፣ ወይ በውሃና በማር በጥብጡት። ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ፣ በጨው የተቀቀለ ድንች። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ቀን ላይ ሙቀቱ ስለሚበረታ ከውሃው ጋር ጨው ያለው ነገር ውሰዱ። ሽሮውን አክስታችን ትሥራው፣ ግን ባሕሩ ጋ ስንደርስ እንብላው።

ስልክን ማመን

ከፖርትላንድ አልፎ ወደ ባሕሩ ስትጠጉ ተራራማው ጫካ ውስጥ ስልክ አይሠራም። እኔና ከኔ በፊት የሮጠችው ልጅ መቀባበያው ላይ ደርሰን ቫናችን አልነበረም። እሷ ላብ በላብ፣ እኔ ከሷ ተቀብዬ የምሮጠው ልብሴን ሳልቀይር። ቫኑ በመኪና ሰልፍ ተይዞ ነበር፣ እኛ ግን ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ የተማርነው፦ የእያንዳንዱን ሯጭ ርቀት በፍጥነቱ አባዝታችሁ፣ የሚደርስበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ቅጂ በየቫኑ ይለጠፍ። ቀጣዩ ሯጭ ከሚጠበቀው ሰዓት 20 ደቂቃ ቀድሞ፣ ጃኬቱን እንደለበሰ መቀባበያው ላይ ይቁም።

ማታ አንጸባራቂ ሰደርያና የግንባር ባትሪ ግዴታ ነው። አንድ ባትሪ ለስድስት ሰው እየተቀባበላችሁ እንዳትሮጡ፤ ለየሰዉ አንድ አንድ ይኑር። ካልሲና ቲሸርትም ለሦስቱም ዙር ለየብቻ በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ።

መጨረሻውን አለማሰብ

ሲሳይድ ትንሽ ከተማ ናት። ቅዳሜ ሺዎች መኪና ይዘው ይገባሉ፣ ማቆሚያ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ይበላል። የኛ የመጨረሻዋ ሯጭ አሸዋው ላይ ስትደርስ ስድስታችን ብቻ ነበርን የጠበቅናት። የቀሩት መኪና ማቆሚያ ይፈልጋሉ። አሥራ ሁለታችሁም አብራችሁ የመጨረሻዋን መስመር እንድታልፉ ከፈለጋችሁ፣ የመጀመሪያው ቫን ሥራውን እንደጨረሰ ሌላ ቦታ ሳይቆም ወደዚያ ይንዳ።

የባሕሩ ንፋስ ደግሞ በነሐሴም ቀዝቃዛ ነው፣ የላበው ሰውነት ላይ ያርፋል። ጋቢ ያዙ። ጋሼ ያን ቀን በጋቢ ተጠቅልለው አሸዋው ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ የመጀመሪያውን የሽሮ ጉርሻ ለዚያ ለነዳው ልጅ ነበር ያጎረሱት።