ለምክር ስትሄዱ ከባዱን ጉዳይ መጀመሪያ አንሡት

የሥነ ልቦና ምክር ለጀመራችሁ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ልትናገሩት የማትፈልጉትን ጉዳይ ገና እንደተቀመጣችሁ አንሡት። አንድ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እኔ ስለ ሥራዬና ስለ እንቅልፍ ማጣቴ ሳወራ ሰዓቱ አለቀ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጋቢው ያለበትን ሣጥን ከፍቼ እንደማላውቅ የተናገርሁት ለመውጣት በሩን ይዤ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያው ጀመርን።

ለቅሶ ላይ «በቃ፣ ቻለው» እንባላለን፤ የሚባለውም በፍቅር ነው። የታፈነ ነገር ግን ተመልሶ ይመጣል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የታዘዙ ሰዎች ድቡን ከአእምሯቸው ማስወጣት አቅቷቸው ነበር። የአባቴ ጋቢም እንዲሁ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

ባለሙያዋ አላጣደፈችኝም። መጀመሪያ ሣጥኑን ብቻ ከፈትሁ። ሌላ ቀን ጋቢውን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አኖርሁት፤ ጥለቱ ላይ የቡና ጠብታ ነበረበት። ጉሮሮዬ ሲተናነቀኝ እንደ ልማዴ ስልኬን አላነሣሁም፤ «ይህ ኀዘን ነው» ብዬ በስሙ ጠራሁትና አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ ስለ አባቴ ለልጆቼ ማውራት ቻልሁ።

አፋችሁ እምቢ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ አንድ መስመር ይበቃል። «ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» ማለትም መብታችሁ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሰው ይዛችሁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ።