የዳሽቦርድ መለኪያ አውጥታችሁ ስታጸዱ

በቆዩ ኮሮላዎችና መሰል መኪኖች ላይ የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያው የሚደበዝዘው ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ጀርባ በገባ አቧራ ነው። እቤት ይጸዳል።

መጀመሪያ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሞርሴቶ (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ) ፍቱና 90 ሴኮንድ ጠብቁ፤ ኤርባግ ላለው መኪና የግድ ነው። የዙሪያው ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በ2 ብሎን ይያዛል፤ ፈትታችሁ በእጅ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። በብርድ ጠዋት ክሊፑ ቀጭ ብሎ ስለሚሰበር መኪናውን ቀድማችሁ ፀሐይ አስመቱት። መለኪያው ራሱ በ3 ወይም 4 ብሎን ነው የታሰረው። ሶኬቱን ምላሱን ተጭናችሁ ንቀሉ፣ ሽቦውን አትጎትቱ።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሲያጸዳ ነው። "መስታወት" የምንለው ፕላስቲክ ስለሆነ ቤንዚን፣ ቲነር ወይም አልኮል ከነካው ነጭ ይሆናል፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅም ያወጣል። በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግም ይጭረዋል። ለብቻው አውጡት፤ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና እጠቡት፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁ። ቁጥሮቹ ያሉበትን ገጽ ግን ውሃ አይንካው፤ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፉ። ጠቋሚዎቹን በፍጹም አታዙሩ! ትንሽ ከተንሸራተቱ ፍጥነቱን አሳስተው ያነባሉ።

እግረ መንገዳችሁን የጠቆሩ አምፖሎችን ቀይሩ። የመለኪያው ሶኬት ሳይገባ የመኪናውን ማስነሻ ቁልፍ አትክፈቱ፤ የኤርባግ መብራት በርቶ ሊቀር ይችላል።