ያገለገለ የዌስተርን ኮርቻ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ፈረስ ዛሬም ጋሪ ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ጭቃው መኪና በሚከለክልበት ክረምትም ሰው ከቤቱ ያደርሳል፤ ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ በነበረበት በአባ ጅፋር አገር ይህ አያስደንቅም። የካውቦይ ወይም የዌስተርን ኮርቻ ግን የተሠራው ለሌላ ፈረስና ለሌላ ሥራ ነው። የአሜሪካ ከብት ጠባቂ ቀኑን ሙሉ እንዲቀመጥበት፣ ከፊት ባለው ቀንድ ላይም ገመድ ጠምጥሞ ወይፈን እንዲይዝበት የታሰበ በመሆኑ ሰፊ፣ ረጅምና ከባድ ነው። ያገለገለ ኮርቻ በመጠነኛ ዋጋ የገዛ ሰው የሚያሰማው ቅሬታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት እንጂ ከቆዳው ጥራት አይደለም።

ላብ መካከል የቀረ ደረቅ ቦታ

ከአንድ ሰዓት ያህል ግልቢያ በኋላ ኮርቻው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ጀርባ በእኩል መጠን ማላብ አለበት። በላቡ መካከል መዳፍ የሚያህል ደረቅ ቦታ ከታየ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኮርቻው እዚያ ቦታ ላይ አብዝቶ መጫኑ ነው፤ ቸል ከተባለ እብጠት ይከተላል፣ ፀጉሩ ይላጫል ወይም ነጭ ሆኖ ይበቅላል፣ መጨረሻውም ገጣባ ነው። ይሁን እንጂ ኮርቻው ፈጽሞ ያልነካው ቦታም ደረቅ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል ቦታውን በጣት ጫን ብሎ መፈተን ያስፈልጋል፤ ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ቆዳውን ካርገበገበ ጫናው እዚያ ነው።

ምክንያቱን ለመለየት ኮርቻውን ያለ ንጣፍ፣ ጠፍሩንም ሳያጠብቁ ጀርባው ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ጋማው ከሚያበቃበት ከፍታ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ኮርቻው ከፊት ከፍ ብሎ ከተቀመጠና እጅ ከትከሻው ጎን በግድ የሚገባ ከሆነ የውስጥ እንጨቱ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር ያለው የኮርቻው አጽም፣ ጠቧል፤ ከፊት ወርዶ ከፍታውን ከነካ ደግሞ ሰፍቷል። ከፊትና ከኋላ ነክቶ መሐሉ ክፍት ከሆነም የእንጨቱ ቅርጽ ከጀርባው ጉድጓድ ጋር አልተስማማም ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው። ለጠባብ ኮርቻ ወፍራም ንጣፍ መጨመር፣ ለጠበበ ጫማ ወፍራም ካልሲ እንደመልበስ፣ ጫናውን ያባብሰዋል፤ ጠባብ ኮርቻ መመለስ ወይም መሸጥ አለበት። በመጠኑ የሰፋውን ግን ወፍራም የሱፍ ንጣፍ ያስተካክለዋል፣ መሐሉ ክፍት የሆነውንም ከንጣፉ መሐል ተጨማሪ የሱፍ ቁራጭ በመስፋት መሙላት ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መለካት ነው፤ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከትከሻው አጥንት ኋላ በፈረሱ ጀርባ ላይ አጥፎ፣ ቅርጹን ካርቶን ላይ አስምሮና ቆርጦ ወደ ገበያ ይዞ መሄድ። ሻጩ ቢስቅም ካርቶኑ ወጪ የለውም።

ፈረሱ ዳገት ላይ ሲያንገራግር፣ ሽንጡ ሲነካ ሲቆጣ

የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በእጅ ፈልጎ ወደ ጀርባው አቅጣጫ ተከትሎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የሰው ክብደት ከዚያች መስመር ወደ ኋላ ማረፍ የለበትም። የአገራችን ፈረስ አጭር ጀርባ ያለው ስለሆነ ማዕዘናማ ቀሚስ (ከመቀመጫው ሥር በፈረሱ ጀርባና ጎን ላይ የሚዘረጋ ሰፊ ቆዳ) ያለው ረጅም ኮርቻ ሽንጡ ላይ ይደርሳል፤ ለእርሱ የሚስማማው ጫፉ ክብ የሆነው ነው።

ክብደቱም ሌላ ጉዳይ ነው። በአብዛኛው የሚሠራበት መመሪያ ሰውና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ገደማ እንዳይበልጡ ይመክራል። ፈረሱ 250 ኪሎ ግራም ቢመዝን ይህ 50 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 16 ኪሎ ግራም በሆነ የቆዳ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ሸክሙ ወደ 30 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለትንሽ ፈረስ በቆዳ የተጌጠውን ትቶ ከናይለን የተሠራውንና ክብደቱ የዚያ ግማሽ ገደማ የሆነውን መምረጥ ይሻላል፤ መልኩ አያምርም፣ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ያንሳል። ሰውየው ራሱ ከባድ ከሆነ ግን የትኛውም ኮርቻ አያድነውም፤ ዳገቱን ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ ይውጣ፣ ወይም ትልቅ በቅሎ ይፈልግ።

የሚንቀጫቀጥ ወይም ወደ አንድ ጎን የሚዞር ኮርቻ

ይህ ምልክት ገዢውን ሊያስፈራው ይገባል፤ የውስጥ እንጨቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና። ኮርቻውን በቀንዱ በኩል መሬት ላይ አቁሞ የኋላ መደገፊያውን በሁለት እጅ ወደ ታች መጫን፣ ቀጥሎም ሁለቱን ጎኖች ወደ መሐል መጭመቅ ያስፈልጋል። ደህና እንጨት ጸጥ ይላል፤ የሚታጠፍ፣ ወይም መሐሉ ላይ ቀጭ የሚል ኮርቻ፣ ቆዳው ምንም ያህል ቢያምር፣ በነጻ ቢሰጥም መወሰድ የለበትም። እንጨቱ ደህና ሆኖ ኮርቻው የሚዞር ከሆነ ምክንያቱ የሰፋ ኮርቻ፣ የፈረሱ ክብ ጀርባ ወይም የእርካቦቹ ቁመት አለመተካከል ነው። ጠፍሩን እስከ ትንፋሽ ማሳጠር ድረስ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም።

የጋላቢው ጉልበት ሲያም

አብዛኛውን ጊዜ እርካቡን የያዘው ሰፊ ቆዳ ደርቆ ወደ ፊት መዞር ስለሚያቅተው ነው። ቆዳውን በውሃ አርጥቦ፣ እርካቡን ወደ ተፈለገበት አቅጣጫ ጠምዝዞ፣ በሁለቱ እርካቦች ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት አሳልፎ ማሳደር ያስተካክለዋል።

ሻጋታና የሚፈርስ ስፌት

ጅማ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ቆዳ ያለ ጥንቃቄ ከተቀመጠ ይሻግታል። እኩል ውሃና አቼቶ ደባልቀው በነከሩት ጨርቅ መጥረግ፣ አየር በሚገባበት ጥላ ማድረቅ፣ ከዚያም ጥቂት የቆዳ ዘይት በስሱ መቀባት ይበቃል። ምድጃ አጠገብ መስቀል ቆዳውን ያሰነጥቀዋል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም ቆዳውንና ስፌቱን ያበላሻል። የተፈታ ስፌትን ጎበዝ ጫማ ሰፊ በሰም በተነከረ የናይለን ክር ይጠግነዋል። ጠፍሩን ግን አጥፎ ማየት ያስፈልጋል፤ እጥፋቱ ላይ ስንጥቅ ከታየ ሳይለወጥ መጋለብ አይገባም፣ ቢበጠስ ሰውየው ከነኮርቻው ይወድቃልና። ይህ ጉድለት ከመግዛት በፊት ከተገኘ የአዲሱ ጠፍር ዋጋ ከኮርቻው ዋጋ እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል፤ እንጨቱ ደህና እስከሆነ ድረስም ኮርቻውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።