ከፎቶ የሳላችሁት ፊት አልሆን ሲላችሁ

ቆዳው አመድ መሰለ

በስልክ ወይም በኮምፒውተር የስዕል መተግበሪያ ፊት ሲሳል ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ጠይም ናት፤ ስዕሉ ላይ ግን አመዳም ሆናለች። ጥፋቱ የጥቁር ቀለም ነው። ጥላ ለማውጣት ቆዳውን በጥቁር እናጠቁራለን፣ ብርሃን ያረፈበትን ደግሞ በነጭ እናነጣለን። ሁለቱም የቆዳውን ሙቀት ይገድሉታል። የእኛ ጠይምና ጠቆር ያለ መልክ እንዲህ ደብዝዞ ሳይ በእውነት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ማዳን ቀላል ነው።

ጥላውን ለብቻው ሌየር (ከስዕሉ ላይ የሚደረብ ግልጽ ንጣፍ) ላይ አውጡት። የሌየሩን ሞድ (ከስሩ ካለው ቀለም ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) መልቲፕላይ፣ ማለትም ከስር ያለውን የሚያጠቁረው፣ አድርጉና ቀላ ባለ ቡኒ ቀቡ። ወደ ብርሃኑ ስትመጡ ፎቶው የት እንደተነሳ እዩ። ደጅ፣ ጥላ ስር ከሆነ ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያበራው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከሰማይ የመጣ ብርሃን ነውና። ቤት ውስጥ ቢጫ አምፖል በርቶ ከሆነ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ንጹህ ነጩን ለአይን ብልጭታ አቆዩት።

መስመሩን ተከትዬ ሳልኩ፣ ግን አልመሰለም

መጀመሪያ ፎቶውን ጠርጥሩ። ከቅርብ የተነሳ ሰልፊ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሳንሳል። ፎቶ ላይ ለምደነዋል፤ ስዕል ሲሆን ግን ያስታውቃል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ተብሎ፣ በዙም የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ለመታሰቢያ የሚሳል ሟች ከሆነ አዲስ ፎቶ አይገኝም። ያኔ ቤተሰቡ ያለውን ፎቶ ሁሉ ሰብስቡና አፍንጫውን፣ አገጩን አስተያዩ።

ፎቶው ደህና ከሆነ ችግሩ የጥላው ቅርጽ ላይ ነው። ከቅንድብ ስር፣ ከአፍንጫ ስርና ከታችኛው ከንፈር በታች ያለው ጥላ ትንሽ ከተዛባ ሌላ ሰው ይመጣል። ስዕሉንም ፎቶውንም ግራ ቀኝ ገልብጡና አውራ ጣት እስኪያክሉ አሳንሳችሁ ጎን ለጎን እዩ። በዚያ መጠን ካልመሰለ ሽፋሽፍት መሳል ከንቱ ድካም ነው።

ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ

ጨለማውና ብርሃኑ ተቀራርበዋል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ክፈቱ፣ ግራጫ ሙሉበት፣ ሞዱን ከለር አድርጉት። ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ፎቶውንም እንዲሁ አድርጉና አወዳድሩ። ፎቶው ፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ከሆነ ግን ጥላው ከመጀመሪያውም የለም፤ በመስኮት ብርሃን የተነሳ ሌላ ፎቶ ፈልጉ።

ጥርሱ ያስፈራል፣ ሹሩባው ገመድ መሰለ

በጥርሶች መሃል መስመር አታስምሩ። ሹሩባን በአንድ ጥቁር ቅርጽ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የራስ ቆዳው የሚታይበትን መስመር አውጡ፤ ነጠላ ጸጉር ጠርዝ ላይ ብቻ ይበቃል።

ሲታተም ደበዘዘ

ካንቫሱ (የምትስሉበት ገጽ) ትንሽ ነበር። ለኤ4 ወረቀት ገና ስትጀምሩ 2480 በ3508 ፒክስል ክፈቱ፤ ይህ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም ይበቃል። ኋላ መለጠጥ ዝርዝር አይጨምርም። በቴሌግራም ስትልኩም ሆነ ፎቶ ስትቀበሉ በፋይል ይሁን፤ በተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል።