ከደም ቧንቧ ቀዶ ጥገና በኋላ ብሽሽት ሲያብጥ፣ ፋሻው ሲረጥብ፣ ቁስሉ አልድን ሲል

የእግር ደም ቧንቧ ኦፕራሲዮን ከተደረገላችሁ ብዙ ጊዜ አንዱ ስፌት ብሽሽት ላይ ነው። ችግርም የሚበዛው እዚያው ነው። ፋሻው ሲረጥብ ሁሉም ሰው "አመርቅዟል" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ላይሆንም ይችላል፤ የፈሳሹን ቀለም፣ የጀመረበትን ቀን፣ እብጠቱም እንደ ልብ ትር ትር ማለት አለማለቱን እዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ። ከቁስሉ ቀይ ደም ከመጣ፣ ትንሽ ቢሆንም፣ በራሱ ቢቆምም፣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስሩ ያለው ትልቅ ደም ወሳጅ ነው፤ ስፌቱን ኢንፌክሽን ከበላው ትንሿ ደም ቀድማ ትታይና ትልቁ መፍሰስ ይከተላል። እየፈሰሰ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። እጃችሁን ሳታነሱ ሰው አምቡላንስ ይጥራላችሁ።

ውሃ ወይም ገለባ የመሰለ ፈሳሽ፣ ሽታ የሌለው

ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ሊምፍ ነው፤ ከሰውነት ውስጥ ተሰብስቦ በራሱ ቧንቧዎች ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ማለት ነው። የሊምፍ ቧንቧዎች በጣም ቀጫጭን ናቸው፣ ብሽሽት ላይ ደግሞ ከደም ወሳጁ ጋር ተጠጋግተው ስለሚያልፉ ሐኪሙ ወደ ደም ወሳጁ ሲገባ ጥቂቶቹ መቆረጣቸው አይቀርም። የሚፈሰው ቀለም ስለሌለው በኦፕራሲዮኑ ሰዓት በቀላሉ አይታይም። ሰውየው ተነስቶ መራመድ ሲጀምር የሊምፉ ፍሰት ይጨምራል፣ ያኔ ፋሻው ይረጥባል።

ለሐኪማችሁ ቶሎ ንገሩ። ትንሽ ከሆነ እረፍት፣ እግርን ከፍ ማድረግና ባለሙያ የሚያስረው ጫን ያለ ፋሻ ሊበቃ ይችላል። በቀን ስንት ጎዝ እንደረጠበ ጻፉ፣ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልቀነሰ፣ በተለይ ስሩ ሰው ሰራሽ ቧንቧ ካለ፣ "ይደርቃል" ብላችሁ ሳምንታት አትጠብቁ። ፈሳሹ የሚወጣበት ቀዳዳ ለባክቴሪያ መግቢያ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶ የሚያፈሰውን የሊምፍ ቧንቧ ሊቋጥር ወይም ፈሳሹን በሚስብ ፋሻ ሊያክመው ይችላል።

ለስላሳ፣ የማያም እብጠት፣ ቆይቶ የመጣ

ሊምፉ መውጫ አጥቶ ከቆዳ ስር ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ይለየዋል። ትንሹ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። እያደገ ከሄደ ወይም ደም መላሹን ተጭኖ እግር ካሳበጠ ግን ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። በመርፌ ደጋግሞ ማስቀዳት አይመከርም፤ ተመልሶ ይሞላል፣ መርፌውም ኢንፌክሽን ሊያስገባ ይችላል። በእጃችሁም አትጭመቁት።

ትር ትር የሚል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ከደም ወሳጁ የሚያፈስ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ጠጠር ያለ፣ የሚያምና የጠቆረ እብጠት ደግሞ የተጠራቀመ ደም ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ካደገ አትጠብቁ።

መላ እግሩ ሲያብጥ

ከባይፓስ፣ ማለትም የተዘጋውን ደም ወሳጅ አልፎ ደም የሚሄድበት አዲስ ቧንቧ ከተሰራ በኋላ፣ የተለመደ ነው። ደም ርቦት የኖረ እግር በአንዴ ደም ሲያገኝ፣ ሊምፉም መንገዱ ሲቋረጥ ያብጣል። ጠዋት ቀለል፣ ማታ ከበድ ይላል፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይቀንሳል። ስትቀመጡ እግራችሁን ከፍ አድርጉ። ጠባብ ስቶኪንግ ግን ሐኪም ሳትጠይቁ አታጥልቁ፣ አዲሱን ቧንቧ ሊጫነው ይችላል። ባታችሁን በድንገት ካመማችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። በሁለቱም ደቂቃ አታባክኑ።

ቅላት፣ መግል፣ የጠቆረ የቁስል ጠርዝ

ብሽሽት እጥፋት ነው፣ ላብ ይይዛል። ስኳር፣ ሲጋራ፣ ውፍረትና የምግብ እጥረት ሲጨመሩበት ቁስሉ አልገጥም ይላል። እጥፋቱን አድርቁ፣ ደረቅ ጎዝ አኑሩበት፣ ያልታዘዘ ቅባትና ዱቄት ይቅርባችሁ። ስኳራችሁን ተቆጣጠሩ። ሲጋራውን ግን በእውነት አቁሙት፣ የተሰራላችሁን ቧንቧም ይዘጋል። ቆዳ ላይ የቀረ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ በአንቲባዮቲክና በቁስል እጥበት ይድናል። ሰው ሰራሹ ቧንቧ ጋ ከደረሰ ግን ቧንቧውን እስከማውጣት ያደርሳል። ስለዚህ ትኩሳትና መግል አብረው ከመጡ በዚያው ቀን ታዩ፣ የተረፈ አንቲባዮቲክ ቤት ውስጥ ፈልጋችሁ አትዋጡ። ቁስሉን በየቀኑ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቅላቱ መስፋቱን ሐኪሙ ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ ያየዋል።